የምስጋና ዛፍ ለ2ኛ ክፍል፦ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ልጆቹም ሁሉ አንድ ነገር ይጽፋሉ

የ2ኛ ክፍል መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። በመኸር፣ ቅጠል ቀለሙን ቀይሮ በሚረግፍበት ሰሞን፣ ለ28 ልጆች የሁለት ሳምንት ሥራ እያዘጋጀሁ ነው። ልጆቹ ቅጠል ይሰበስባሉ፣ ግድግዳው ላይ ዛፍ ይሠራሉ፣ በየቅጠሉ ላይ ማንን ለምን እንደሚያመሰግኑ ይጽፋሉ። በመጨረሻው ዓርብ ወላጆች ለ40 ደቂቃ ይመጣሉ። ለዛፉ ያለን ግድግዳ ወርዱ 1.5 ሜትር ነው።

ሦስት ነገር አልጠራልኝም። እውነተኛ ቅጠል በሁለት ቀን ተጠቅልሎ ይሰባበራል፤ ወረቀት ብቻ ከተጠቀምን ደግሞ ለቀማው ለምን አስፈለገ? ሁለተኛ፣ በዚህ ዕድሜ «አመሰግናለሁ ብላችሁ ጻፉ» ሲባል አብዛኛው ልጅ «እናቴን» ብሎ ያቆማል፤ ይህን እንዴት ላስፋው? ሦስተኛ፣ 28 ልጅ ተራ በተራ ቢያነብ 40 ደቂቃው አይበቃም፣ አድማጩም ይሰለቻል። ሞክራችሁ የሠራላችሁን ብትነግሩኝ።

ቅጠል አድራቂ

ሁለቱንም አብረው ይጠቀሙ፤ ጽሑፉ በወረቀት ቅጠል ላይ ይሁን፣ እውነተኛው ቅጠል ከጎኑ ይለጠፍ። የደረቀ ቅጠል ላይ የሰባት ዓመት ልጅ በእስክሪብቶ ሲጫን ይቀደዳል፤ ማርከርም ወደ ጅማቶቹ ይሰርግና ፊደሉ አይነበብም።

አደራረቁ እንዲህ ነው። ቅጠሉ የሚለቀመው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ጫፉ ቡናማ መሆን የጀመረውን ይተዉት። ከተለቀመ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ መጫን አለበት፤ ቦርሳ ውስጥ ካደረ መጠቅለል ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ከታች ካርቶን፣ ከላዩ አራት ገጽ ጋዜጣ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ቅጠሎቹ፣ እንደገና አራት ገጽ ጋዜጣ፣ ካርቶን። በዚህ ዓይነት አምስት ስድስት ድርብ መደራረብ ይቻላል። ከላይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ የሚሆን መጽሐፍ ይጫንበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጋዜጣውን መቀየሩን ነው። በመጀመሪያው ቀን ቅጠሉ አብዛኛውን ውሃ ይለቃል፤ ጋዜጣው ያንን ይዞ ከቆየ ቅጠሉ ይጠቁራል ወይም ይሻግታል። ስለዚህ በማግስቱ ይቀየር፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ። ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። መድረሱን ለማወቅ በጭራው ይዘው ቀጥ አድርገው ያንሱት፤ ካልታጠፈና ጉንጭዎ ላይ ሲያስነኩት ካልቀዘቀዘ ደርቋል። የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውስጡ ገና እርጥበት አለ።

ግሊሰሪንም አለ፦ አንድ እጅ ግሊሰሪን ለሁለት እጅ ውሃ፣ ዝርግ ትሪ ላይ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ከ3 እስከ 5 ቀን። ቅጠሉ እንደለሰለሰ ይቀራል፣ አይሰባበርም። ነገር ግን ላዩ ቅባታም ስለሚሆን ኮላም ፕላስተርም አይይዘውም፤ ቀለሙም ይጠቁራል። ለክር ማንጠልጠያ እንጂ ለግድግዳ አልመክረውም።

ሰም በተቀባ ወረቀት መሃል አድርጎ በካውያ መጫንም ያምራል፤ ካውያው መካከለኛ ሙቀት ላይ፣ እንፋሎቱ ጠፍቶ፣ ከላይ ጨርቅ ተደርጎ። ይህን አዋቂ ይሥራው። ሲቆረጥ በቅጠሉ ዙሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ካልተተወ ሰሙ ይላቀቅና አየር ይገባል።

በማንኛውም መንገድ ቢያደርቁት ዛፉን ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው ግድግዳ ያርቁ። ቀዩ ቀለም ብርሃን ሲመታው ቶሎ ይለቃል።

አሁን ስፋቱ። የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል ትልቅ ስለሆነ የወረቀት ቅጠሉ ከ10 በ14 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚገባው፣ ልጁም «እናቴን» ብሎ የሚያቆመው አንዳንዴ ቦታ ስላጣ ነው። በ1.5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መስመር ያስምሩለት። ከልጆቹ እጅ መድረሻ ስለማያልፍ ቅርንጫፉን ከ1.4 ሜትር በላይ አያውጡት፤ እንግዲህ ያለዎት ቦታ ወደ 2 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቅጠል በየቀኑ ለአምስት ቀን ካሉ 140 ቅጠል ይሆናል፤ ይህ ብቻውን 2 ካሬ ሜትሩን ይሸፍነዋል፣ ለግንዱም ለእውነተኛው ቅጠልም ቦታ አይተርፍም። ለአንድ ልጅ ሁለት ቅጠል፣ በጠቅላላ 56፣ ይበቃል። የወረቀቱ ውፍረት በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚባለው ይሁን፤ የ80 ግራም ተራ ወረቀት ክፍሉ ሲሞቅ ይጠቀለላል። ግንዱን ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ጨምድደው፣ ጠምዝዘው ይሥሩት፤ ዝርግ ወረቀት ከተለጠፈ ሥዕል ነው የሚመስለው። ቅጠሉ በጭራው በኩል ብቻ ይለጠፍ፣ ከጀርባው የልጁ ስም ይጻፍ።

የልጆች አማካሪ

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልምጣ። «እናቴን» ብሎ የሚያቆመው ልጅ አልሰነፈም፤ ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ የቀረበውን ነው የያዘው። መፍትሔው ጥያቄውን ማጥበብ ነው።

ጄፍሪ ፍሮ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ዕድሜ ቅርብ ነው፤ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ልጆቹን «አመስግኑ» አላሏቸውም። አንድ ሰው መልካም ሲያደርግልን ሦስት ነገር እንዲያዩ ነው ያስተማሯቸው፦ ሰውዬው ሆን ብሎ ነው ወይ ያደረገው፣ ምን አስከፈለው (ጊዜ፣ ድካም፣ የራሱን ነገር መተው)፣ እኔ ምን ጠቀመኝ። ይህን የተማሩት ልጆች ካልተማሩት የበለጠ የምስጋና ካርድ ጽፈዋል።

ለ2ኛ ክፍል ሦስቱን ወደ ልጅ ቋንቋ ያውርዷቸው። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ይጻፍ፦

«____ን አመሰግናለሁ። ____ አደረገልኝ። ለዚህ ብሎ ____ ትቷል ወይም ደክሟል። እኔ ደግሞ ____።»

ለምሳሌ፦ «ሰላምን አመሰግናለሁ። የወደቀ እርሳሴን አነሳችልኝ። ለዚህ ብላ ጨዋታዋን አቆመች። እኔ ደግሞ ሥራዬን ጨረስኩ።» ከመጻፋቸው በፊት በቃል፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለ5 ደቂቃ ይነጋገሩበት። በቃል ያልተናገረውን ልጅ በጽሑፍ አያገኙትም። ሦስተኛው ክፍት ቦታ ይከብዳቸዋል፤ «እሱ ያን ጊዜ ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ብዙዎቹ ይገባቸዋል።

ቅጠሎቹንም ለይተው ይስጡ። የመጀመሪያው ቅጠል ቤተሰብ ላይ ይሁን፤ «እናቴን» የማለት መብታቸው ነው። ሁለተኛው በትምህርት ቤት ውስጥ ለሚሠራ፣ ግን የእነሱ መምህር ላልሆነ ሰው፦ ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው፣ ለሹፌሩ፣ ምግብ ለምታዘጋጀዋ።

አራት ነገር ይጠንቀቁ።

ልጆች እርስ በርሳቸው በስም የሚመሰጋገኑበት ቅጠል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንዱ ልጅ ሰባት፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። ባዶ የቀረው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው ቆጥሮ የሚያውቀው። የልጅ ለልጅ ምስጋና ከፈለጉ ስም በዕጣ አውጥተው እያንዳንዱ ለአንድ ይጻፍ፣ ከዚያም በእጅ ይሰጥ።

«አባታችሁን አመስግኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይዘጋጅ። አባት የሞተበት፣ የተለየው፣ የሚያስፈራው ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል። «ቤት ውስጥ የሚንከባከበኝ ሰው» ይበቃል። በዚያ ሳምንት የሚያመሰግንበት ነገር የለኝም የሚልን ልጅም አይከራከሩት፤ ቅጠሉ ላይ ይሳልበት ወይም ባዶውን ይለጥፈው።

ስለ ዕቃና ስለ ገንዘብ የተጻፈው ግድግዳ ላይ ሲሰበሰብ ያለውንና የሌለውን ይለያል። «ሰው ያደረገልኝ» የሚለው አቀራረብ ይህን ራሱ ያስቀራል፤ ሌላው የምወድለት ምክንያት ይኸው ነው።

የመጨረሻው፣ ትንንሽ ልጆች ምስጋናቸውን ብዙ ጊዜ የሚገልጹት ራሳቸው የሚወዱትን በመስጠት ነው። ፍራንሲስካ ባውምጋርተን ትራመር ገና በ1938 ከ7 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጠይቃ የምስጋና አገላለጻቸውን ስትከፋፍል ይህን ለብቻው ለይታ አስቀምጣዋለች። ስለዚህ ልጁ ለጥበቃው ከአሻንጉሊቶቹ አንዱን ልስጥ ቢል አይታረም፤ ለዕድሜው ትክክለኛ ምስጋና ነው። «እሱስ ምን ቢያገኝ ደስ ይለዋል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ከራሱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን የሚሻገረው በዚህ ነው።

የ2ኛ ክፍል መምህርት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አራቱን ክፍት ቦታ ዛሬውኑ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ የቅጠሉንም መጠን አስተካክላለሁ። ቅጠሉ ደርቆ እስኪደርስ ባለው ሳምንት ምን ላሠራቸው? «ቅጠሉ ለምን ቀይ ሆነ» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

የሳይንስ ክፍል

እህቴ፣ ያ ሳምንት ለሙከራው ነው።

መልሱ አጭር ነው። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል ስላለው ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ ዛፉ ክሎሮፊል መተካቱን ያቆማል፣ ያለውም ይፈራርሳል። ቢጫውና ብርቱካናማው (ካሮቲኖይድ) ድሮም እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። ቀዩ ግን ሌላ ነው፤ አንቶሲያኒን ይባላል፣ አንዳንድ ዛፎች በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠሩት ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ውርጭ ካልመታው ቀዩ ይደምቃል። «ቅጠሉ ቀለም ቀየረ» ብለሽ ብቻ ካለፍሽ ልጆቹ ቢጫው ከውጭ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ሙከራው ይጠቅማል።

ለአራት ልጆች አንድ ብርጭቆ። ከ8 እስከ 10 አረንጓዴ ቅጠል በደቃቁ ይቀዳድዱ (ይህን ልጆቹ ይወዱታል)፣ ብርጭቆው ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ይጨፍልቁት። የቁስል ማጽጃ አልኮል፣ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ቅጠሉን እስኪሸፍን ድረስ አንቺ ጨምሪ። ብርጭቆውን በላስቲክ ሸፍነሽ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ለ30 ደቂቃ አቁሚው፣ በየ5 ደቂቃው አወዛውዢው፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሪ። ውሃው ከቧንቧ የሚመጣ ሙቅ ይሁን፤ በፍጹም ምድጃ ላይ አይጣድ፣ አልኮሉ በእሳት ይያያዛል። መስኮት ይከፈት።

ፈሳሹ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሲሆን ከቡና ማጣሪያ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆርጠሽ፣ ጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈሳሹን እንዲነካ ከእርሳስ ላይ አንጠልጥዪው። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ አልኮሉ ወደ ላይ ሲወጣ ቀለሞቹን ይለያያቸዋል፤ ከአረንጓዴው ጋር ቢጫ መስመር ይታያል። ልጆቹ ከአረንጓዴ ቅጠል ቢጫ ሲወጣ ያዩታል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፈሳሹ ገርጥቶ ሳለ ወረቀቱ ሲገባ ነው፤ ቅጠሉ አንሷል ወይም በደንብ አልተጨፈለቀም። ወረቀቱ ጠልቆ ከተነከረም ሁሉም ቀለም አብሮ ይታጠባል። ጠዋት ጀምሪው፣ ከእረፍት መልስ ይደርሳል።

ለለቀማው ደግሞ፣ ቀድመሽ ግቢውን ዞረሽ የሚያሳክክ ወይም መርዛማ ተክል አለመኖሩን አረጋግጪ፤ ልጆቹም የረገፈውን ብቻ እንጂ ከቅርንጫፉ አይቀንጥሱ።

ዝግጅት አስተባባሪ

ስለ ዓርቡ። 28 ልጅ ከነመነሳቱና ከነመቀመጡ አንድ አንድ ደቂቃ ቢወስድ 28 ደቂቃ አለቀ፤ ሦስት ልጅ ከረሳና ሁለቱ ካለቀሱ 40ውም ያልፋል። ማንም መድረክ ላይ አይቁም። 5 ደቂቃ አቀባበል፣ ከዚያ በአራት ጥግ አራት ጣቢያ፦ ዛፉ፣ የቀለም ሙከራው ወረቀቶች፣ የደረቁ ቅጠሎች፣ የደብዳቤ ጠረጴዛ (ላመሰገኑት ሰው የምስጋና ደብዳቤ የሚጻፍበት)። ሰባት ሰባት ልጅ በየጣቢያው ቆሞ ለመጣው ወላጅ ያስረዳል። በየ7 ደቂቃው ደወል፣ ወላጆቹ ይዛወራሉ። 28 ደቂቃ ነው፣ ሁሉም ልጅ ይናገራል፣ የሚያፍረውም ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚናገረው። የቀረው 7 ደቂቃ ለደብዳቤው።

ወላጅ መምጣት ላልቻለለት ልጅ አስቀድሞ ከትምህርት ቤቱ ሠራተኞች አንድ ሰው ይመደብለት፤ በዕለቱ ሲፈለግ አይገኝም። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ያመሰገነው ሰው ራሱ ቢመጣለት ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! ለዚህም ለጥበቃውና ለጽዳት ሠራተኞቹ ጥሪው ከአንድ ሳምንት በፊት፣ በርዕሰ መምህሩ በኩል ተተኪ ተመድቦላቸው ይሁን። አለበለዚያ የተመሰገኑት ሰዎች በዚያው ሰዓት ወንበር ሲያነሱ ይውላሉ።

ደብዳቤዎቹም በሁለት ቀን ውስጥ ለባለቤታቸው በልጁ እጅ ይድረሱ። ዛፉ ሲወርድ ከየቅጠሉ ጀርባ ያለውን ስም እያያችሁ፣ ቤተሰብ ላይ የተጻፈውን በፖስታ አድርጋችሁ ለየልጁ ስጡት፤ የሠራተኞቹን ቅጠል ከእውነተኛው ቅጠል ጋር ሰም በተቀባው ወረቀት አሽጋችሁ ለራሳቸው። ካውያው ስለሚያስፈልግ ለሱ 20 ደቂቃና አንድ ረዳት ያዙ።