«ማሽን ነው የሚያጎርሰን?» — የመርከብ ሽርሽር ቃላት በአማርኛ

ጠያቂዋ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ቤተሰባችን ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ሊሄድ ነው። 7 ሌሊት። ኩባንያው የላከውን መመሪያ ለእማዬና ለአባዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩላቸው ነው። ስለ ፓስፖርትና ስለ ሕይወት አድን ጃኬት የሚያወራውን ቶሎ ጨረስኩት። ልብስና ቲፕ ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ።

«ፎርማል ናይት» ምን ልበለው? «ስማርት ካዥዋል»ስ? ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ «አውቶማቲክ ግራቹቲ» ነው፤ ራሱ ከሂሳብ የሚቆረጠው ቲፕ። «አውቶማቲክ ጉርሻ» ብዬ ጻፍኩት። እማዬ አነበበችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ማሽን ነው የሚያጎርሰን?» አለችኝ። እስቲ አንድ በሉኝ።

የክት ወዳጅ፦
እናትሽ ከእኛ ትበልጣለች። ወደ ማሽኑ በኋላ እንመጣለን፤ ከልብሱ ልጀምር።

ለ«ፎርማል ናይት» ምን የመሰለ ቃል አለን፦ «የክት»። «የክት ምሽት» በያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ክት ማለት ከዘወትር የተለየ፣ ለክብር ቀን ተብሎ የሚቀመጥ ልብስ ነው። «ከተተ» ካለው ግስ ጋር ዝምድናው በግልጽ ይታያል። ተከቶ ይቆያል፣ ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። የመርከቡም ነገር እንዲሁ ነው። ሙሉ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ተከቶ ይሄዳል፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ምሽት ብቻ ይወጣል። በ7 ሌሊት ጉዞ ብዙ ጊዜ ሁለት የክት ምሽት ይኖራል። ከ3 እስከ 5 ሌሊት ከሆነ አንድ።

ኩባንያ ከኩባንያ ግን ይለያያል። ኩናርድ ዛሬም ጠበቅ ያደርገዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ልብስ መቀየር ይጠበቃል፤ በጋላ (በክት) ምሽቶቹ ደግሞ ወንዱ በቱክሲዶ ወይም በጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ነው የሚመጣው። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ «ፍሪስታይል» በሚለው አሠራሩ ግዴታውን ትቶታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሄዱበትን ኩባንያ ወረቀት ማየት ነው።

አራሚው፦
«የክት» ያምራል፣ ግን አንድ ጎደሎ አለበት። የክት የሚለካው በባለቤቱ ነው። የእኔ የክት ያንተ የዘወትር ሊሆን ይችላል። ፎርማል ግን የሚለካው በመርከቡ ነው። አባቷ የክት ልብሳቸው አዲስ ጂንስ ቢሆንስ? ብዙ መርከብ ላይ በፎርማል ምሽት ጂንስ ለብሶ ወደ ዋናው መመገቢያ አዳራሽ መግባት አይቻልም።

እኔ ብሆን «ፕሮቶኮል» እላለሁ። የከተማ ሰው «ዛሬማ ፕሮቶኮል ለብሶ መጣ» ሲል ኮቱ፣ ክራባቱ፣ የተወለወለ ጫማው ዓይናችሁ ላይ አይመጣም?

የክት ወዳጅ፦
ይመጣል። ግን «ፕሮቶኮል» ውስጥ ትንሽ ሹፈት አለች። ሰው ባልተጠበቀበት ቦታ ሲዘንጥ ነው ብዙ ጊዜ የምንለው። ለእናትና ለአባት በሚጻፍ ወረቀት ላይ አልወደድኳትም። «የክት ምሽት (ሙሉ ልብስ፣ ጂንስ አይፈቀድም)» ብትል ሁለታችንም እንታረቃለን።

ባለ መርፌዋ፦
እናንተ በቀላሉ ታረቃችሁ። ከባዱ «ስማርት ካዥዋል» ነው። እኛ ያሉን ሁለት መሳቢያዎች ናቸው፦ የክትና የአዘቦት። መሃል ላይ መሳቢያ የለም። እስቲ ያሉንን ቃላት ላሰልፋቸው።

«ለበሰ» ምንም አይልም። «አምሮበታል» ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ልብሱ አያወራም። «ዘነጠ» ደህና ነው፣ ግን ታስቦበትና ተለፍቶበት ነው። «ተሽቀረቀረ» አንድ ደረጃ ያልፍና ወደ ትዝብት ይገባል፤ ማንም ስለ ራሱ «ተሽቀርቅሬ መጣሁ» አይልም፣ ለቀልድ ካልሆነ። «ሽክ አለ» ነው እዚህ የሚያድነን። ሽክ ለማለት ብዙ ልብስ አያስፈልግም። ንጹሕ፣ የተተኮሰ፣ ልክ የሆነ ይበቃል። ስለዚህ «ሽክ ያለ የአዘቦት ልብስ»። ለወንድ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ረጅም ሱሪ፣ ለሴት ቀለል ያለ ቀሚስ ወይም ሱሪ ከደህና ሸሚዝ ጋር። ክራባት አያስፈልግም።

«የተተኮሰ» ስል ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካውያ እንዳይዙ። በእሳት አደጋ ምክንያት መኝታ ክፍል ውስጥ ካውያ መጠቀም ክልክል ነው። ሲገቡ ሻንጣ ሲፈተሽ ያገኙትና ይይዙታል። አንዳንድ መርከብ ላይ የጋራ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ መተኮሻ ይኖራል። ከሌለ የማይጨማደድ ጨርቅ መምረጥ ነው።

አራሚው፦
«ሽክ ያለ የአዘቦት»፣ ተቀብያለሁ። ብርቅ ነው፤ መዝግቡልኝ።

መንገደኛው፦
ወደ ክልከላዎቹ ልውሰዳችሁ፣ እዚያም የቃል ወጥመድ አለ። ወረቀቱ በእራት ሰዓት «እጅጌ የሌለው የወንድ ሸሚዝ አይፈቀድም» ሲል «ካናቴራ» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። ግማሹ ሰው ካናቴራ ሲባል የሚታየው እጅጌ አልባው የውስጥ ልብስ ነው። ግማሹ ደግሞ ቲሸርትን ሁሉ ካናቴራ ይለዋል። «እጅጌ የሌለው» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ነጠላ ጫማ፣ የዋና ልብስና የስፖርት ቁምጣም በዋናው አዳራሽ እራት ላይ አይወደዱም። በቡፌው በኩል ነገሩ ላላ ይላል።

ደስ የሚለው ግን የቃሉ ዘር ነው። ካናቴራ ከጣልያንኛው «ካኖቲየራ» የመጣ ነው። እሱ ደግሞ ከ«ካኖቲየሬ»፣ ማለትም ከጀልባ ቀዛፊ። ቀዛፊዎች ክንዳቸው እንዲፈታ የሚለብሱት ነበር። አያችሁት? በጀልባ ስም የተሰየመ ልብስ መርከብ ላይ እራት ተከለከለ።

አንድ ደግሞ «ካሞፍላጅ» የሚል አለ። መዝገበ ቃላት ሳትፈልጊ «ሬንጀር» በያቸው፣ ይገባቸዋል። ይሄኛው የሥነ ሥርዓት ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው። መርከቡ ወደ ካሪቢያን የሚሄድ ከሆነ ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ሴንት ሉሲያ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ውስጥ ሲቪል ሰው ሬንጀር መልበስ አይችልም። ባርቤዶስ ላይ ሕፃንም ቢሆን። የልጆቹን ቁምጣና ኮፍያ እዩት፣ እዚያ ነው የሚሸሸገው።

ጠያቂዋ፦
የወንድሜ ልጅ ኮፍያ! አሁን ከሻንጣ አወጣሁት። አመሰግናለሁ። ማሽኑስ?

ቃል መዛኙ፦
እሺ፣ ጉርሻ። ይሄን ቃል እወደዋለሁና ትንሽ ታገሡኝ።

«ጎረሰ» ከሚለው ነው። አንድ አፍ ሙሉ። ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ገንዘብ በዚህ ስም መጠራቱ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፣ ሌላውም በአፉ ነው ያሰበው። ፈረንሳዩ «ፑርቧር» ይለዋል፣ «ለመጠጫ» ማለት ነው። ጀርመኑ «ትሪንክጌልት»፣ የመጠጥ ገንዘብ። የስፔኑ «ፕሮፒና» ሥሩ ግሪክ ነው፣ ለሰው ጤንነት ብሎ መጠጣት። እነሱ አጠጡ፣ እኛ አጎረስን። እንግሊዝኛው «ቲፕ» ብቻ ከገበታው ወጣ ያለ ነው። «ለፈጣን አገልግሎት» የሚል ሐረግ ምህጻር ነው የሚባለውን እንዳታምኑ፤ ቃሉ ካለ በኋላ የተፈጠረ ተረት ነው።

አሁን ጎረቤቶቹን እዩ። «ጉቦ» ከሥራው በፊት ይሰጣል፣ ይደበቃል። «እጅ መንሻ» ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ለትልቅ ሰው። «ምርቃት» ከሻጭ ወደ ገዢ ነው፣ «መርቂልኝ» የምንለው። «የሻይ» ሁለት ፊት አለው፤ እንደ ሰጪው ዓይን ጉርሻም ጉቦም ይሆናል። ጉርሻ ከአገልግሎቱ በኋላ፣ በፈቃድ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ሦስቱን ነገሮች ያዙልኝ፦ በኋላ፣ በፈቃድ፣ በእጅ።

የመርከቡ ክፍያ በዚህ ሚዛን ሲለካ ሁለቱን ይወድቃል። በየቀኑ፣ በየሰው፣ ራሱ ከሂሳባችሁ ይቆረጣል። እጅ የለበትም። «በኋላ» የሚለውም የለም፤ ከጉዞው በፊት መክፈልም ይቻላል። ፈቃዱ ግን ቢያንስ በስም አለ። ብዙ ኩባንያዎች ጋ ወደ እንግዳ አገልግሎት ዴስክ ሄዶ «ቀንሱልኝ» ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእናትሽ ሳቅ ልክ ነው። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» እንላለን፤ ይሄኛው የሚያስጨንቀው ካርዱን ነው።

አራሚው፦
ታዲያ «የአገልግሎት ክፍያ» ብሎ መገላገል ነዋ።

ቃል መዛኙ፦
አይሆንም ወንድሜ። «የአገልግሎት ክፍያ» ካልን ለኩባንያው የሚገባ ይመስላል። ይሄኛው ለሠራተኞቹ ተብሎ የሚሰበሰብ ነው፦ አልጋ ለምታነጥፈው፣ እራት ለሚያቀርበው፣ እናንተ ለማታዩት የወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ሰው ጭምር።

እኔ ያሰብኩት «ተቆራጭ» ነው። ከደመወዝ እየተቆረጠ ራቅ ላለ ቤተሰብ የሚላከውን ተቆራጭ እንለው የለም? የመርከብ ሠራተኛ ለወራት ባሕር ላይ ነው፣ ከሚያገኘውም ለቤተሰቡ ይልካል። ቃሉ ከሁለቱም ወገን ይገጥማል። «የቀን ተቆራጭ ጉርሻ»።

ባለ መርፌዋ፦
ወይ ተቆራጭ! በጣም ወደድኩት። ቁጥሩን ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ በመጨረሻው ቀን ድንጋጤ ነው። በብዙዎቹ ትልልቅ መርከቦች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ ሰፊ ክፍል ከያዙ ከፍ ይላል። አራት ሰው፣ 7 ሌሊት፣ በ16 ብናስበው 448 ዶላር። በ20 ከሆነ 560። ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አንዳንዶቹ አይቆርጡም። ጨርሶ የማይቆርጡም አሉ። የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከትኬቱ ዋጋ ጋር አዋህዶታል።

መንገደኛው፦
እኔ በዚህ ጉዳይ የተማርኩት በኪሴ ነው። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ባር ሄድኩ፣ 10 ዶላር የሚል መጠጥ አዘዝኩ። ደረሰኝ መጣ። በትንንሽ ፊደል 18 በመቶ ታክሎበታል፣ 11.80። ከሥሩ ባዶ መስመር አለ፣ «ተጨማሪ ቲፕ» የሚል። እኔ «ቲፕ» የሚለውን አየሁ፣ «ተጨማሪ» የሚለውን አላየሁም። 2 ዶላር ጻፍኩ። ለስድስት ቀን እንዲህ ሁለት ሁለቴ ሳጎርስ ከረምኩ። የባሩ ልጅ በስሜ ይጠራኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ በውበቴ መስሎኝ ነበር።

ያ መስመር ባዶ ቢሆን ነውር የለውም። ለተለየ ደግነት ግን ያኔ በእጅ መስጠት ያምራል። ድሮ በመጨረሻው ምሽት ለአስተናጋጁና ለክፍል አጽጂው ገንዘብ በፖስታ ነበር የሚሰጠው፤ ዛሬም በራሱ ፈቃድ እንዲህ የሚያደርግ አለ። እሱ ነው ሙሉ ጉርሻ። ወደብ ላይ ሻንጣ የሚቀበሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ የመርከቡ ሰዎች አይደሉም፣ ተቆራጩ አይደርሳቸውም። ለአንድ ሻንጣ 1 ወይም 2 ዶላር ዝርዝር ይያዙ።

የክት ወዳጅ፦
ሻንጣ ካላችሁ አይቀር የአጎቴን ነገር ልንገራችሁና ልተኛ። በመጨረሻው ምሽት ሻንጣ ሁሉ ተዘግቶ ከበር ውጭ ይቀመጣል። ሌሊት ሰብስበው ይወስዱታል፣ ጠዋት ወደብ ላይ ትቀበላላችሁ። አጎቴ ጥንቁቅ ሰው ነው። ሸሚዙን አጠፈ፣ ሱሪውን አጠፈ፣ ጫማውን በላስቲክ ጠቀለለ፣ ዘጋ፣ አወጣ፣ ተኛ። ጠዋት ሲነሳ የቀረው የለበሰው ፒጃማና ነጠላ ጫማ ነው። ሁሉን ከትቶታል። በዚያች ጠዋት ቁምጣው ሳይቀር የክት ሆነ። የጉምሩኩን ሰልፍ በሰማያዊ ፒጃማ ነው ያለፈው፣ ቀጥ ብሎ፣ ፓስፖርቱን በደረት ኪሱ ይዞ።

አራሚው፦
ይሄንን ነው ፕሮቶኮል ማለት።

ጠያቂዋ፦
ወረቀቱን ጨርሼ አነበብኩላቸው። «የክት ምሽት»፣ «ሽክ ያለ የአዘቦት»፣ «የቀን ተቆራጭ ጉርሻ»፣ ሁሉም አለፈ። እማዬ ተቆራጩ ላይ ራሷን ነቀነቀች፣ «ይሄማ ተገቢ ነው» አለች። አባዬ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ካናቴራውን ከሸሚዝ ሥር ብለብሰውስ?»