ልጄን ለሆስፒታል ቀጠሮ ሎንዶን አመላልሳለሁ፤ የባቡሩን ወጪ የሚያግዝ አለ?

የናቲ እናት (ሚልተን ኪንስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ዓይኑን የሚከታተለው ሐኪም ያለው ሎንዶን ነው። ወደዚያ የላከን የእኛ ከተማ ሆስፒታል ነው። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ጠዋት ይሆናል፣ ጠዋት ደግሞ የባቡሩ ዋጋ እሳት ነው። የሁለታችን ትኬት፣ ከዩስተን በኋላ ያለው መንገድ፣ ለእሱ የምገዛለት ምሳ ሲደመር የሳምንቱን አስቤዛ ይበላዋል። እኔ ኬር ሆም ውስጥ በሰዓት ነው የምሠራው። ካልገባሁ አይከፈለኝም። ትንሽ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ለሚያንስ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ) አገኛለሁ።

ቤተ ክርስቲያን አንዷ እህት "ሆስፒታሉ የትራንስፖርቱን ይመልስልሻል" አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ "እሱ ለጥገኝነት ጠያቂ ነው፣ ለሚሠራ ሰው አይሰጥም" አለች። ሪሴፕሽን ያለችውን ልጅ ስጠይቃት "እንደዚህ ያለ ነገር አላውቅም" ብላኝ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። እውነቱ የቱ ነው? ደግሞስ ቢመልሱልኝ እንኳ ቀድሞ የሚወጣውን ከየት ላምጣ?

ሰናይት (ሊድስ)

እኔን ከቤቴ ድረስ መኪና መጥቶ ይወስደኛል፣ ይመልሰኛል። ሳንቲም አልከፍልም። ጂፒሽን (የሰፈር ሐኪምሽን) ጠይቂ የኔ እህት።

ሾፌሩ (ሎንዶን)

የናቲ እናት፣ አለ። ሄልዝኬር ትራቭል ኮስትስ ስኪም ይባላል። የሪሴፕሽኗን ልጅ ተያት፣ የእሷ ሥራ ቀጠሮ መመዝገብ ነው። አንቺ "ካሸርስ ኦፊስ የት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ገንዘቡ የሚከፈለው እዚያ ነው። እኛ የምንሄድበት ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ መስኮት ናት፣ ካልተነገረህ አታገኛትም። መኪና ያለቦታው ብታቆም ስንት እንደምትቀጣ በየበሩ ተለጥፏል። ይሄኛው ግን አንድም ግድግዳ ላይ የለም። ሁሌ ያናድደኛል።

እኔ የዚህ ከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ባለቤቴ የኩላሊት ክትትል አላት፣ ስለዚህ ወረቀቱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ የሚያዩት ገቢሽን ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ልጅ የተመዘገበለት ሰው የተጣራ ደሞዙ በመጨረሻው አሴስመንት ፔሬድ (ክሬዲቱ የሚሰላበት አንድ ወር) ከ935 ፓውንድ ካልበለጠ ይገባል። ልጅ ለሌለው ጣሪያው 435 ነው (በጤና ምክንያት የመሥራት አቅሙ የተወሰነ ነው ለተባለ ግን 935 ነው)። ባል ካለሽ የሁለታችሁ ደሞዝ ተደምሮ ነው። ስለዚህ "ለሚሠራ ሰው አይሰጥም" ያለችሽ ተሳስታለች። ፔንሽን ክሬዲት (ገቢው ለሚያንስ ጡረተኛ የሚሰጠው ድጎማ) ያላቸው እናት አባቶችም፣ ጋራንቲ ክሬዲት የሚባለውን ካገኙ ይገባቸዋል። ብዙዎቹ ግን አያውቁም።

ቀጥሎ ማን እንደላከሽ ያያሉ። ጂፒ ወይም የሆስፒታል ሐኪም ወደ ሌላ ሐኪም ከላከሽ፣ ለዚያ ቀጠሮ የሄድሽበት ይከፈላል። ጂፒ ዘንድ ለመሄድ ግን አይከፈልም። የታመመ ሰው ለመጠየቅም እንደዚያው። ያንቺ ልጅ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ስለተላከ ችግር የለበትም። ልጅ ብቻውን አይጓዝም፣ ስለዚህ ያንቺም ትኬት ይታሰባል። ለአዋቂ ግን አጃቢ የሚከፈለው ሐኪሙ "ያስፈልጋታል" ካለ ነው። እኔ ለባለቤቴ ያንን ደብዳቤ አጽፌአለሁ።

የሚመልሱት በርካሹ መንገድ ነው። ታክሲ ይዘሽ ሄደሽ ደረሰኝ ብታቀርቢ አይሰሙሽም፣ አስቀድመው ካልፈቀዱልሽ በቀር። ለዚህ ነው ቀጠሮውን ወደ ረፋድ ወይም ከሰዓት እንዲያዞሩልሽ ደውለሽ ብትጠይቂ የምልሽ። ኦፍ ፒክ (ሰው በማይበዛበት ሰዓት የሚሠራ) ትኬት ስትቆርጪ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። ቀድሞ ከኪስሽ የሚወጣውም ይቀንሳል። የናቲ የባቡር ትኬት ግማሽ ነው። ሎንዶን ስትደርሱ ደግሞ ከ11 ዓመት በታች ስለሆነ ባስም ትዩብም (የምድር ውስጥ ባቡሩም) ካንቺ ጋር በነፃ ነው። እኔ ባስ ላይ ወላጆች ለሕፃን ካርድ ሲፈልጉ አያለሁ። አትድከሚ፣ ይዘሽው ግቢ።

ደረሰኝ ላይ ተጠንቀቂ። የባቡሩን ትኬት በሩ ከዋጠው አለቀ፣ ፎቶ አንሽው ወይም ኢሜይሉን አስቀምጪ። ትዩብ ላይ በባንክ ካርድ ስትገቢ ወረቀት አይወጣም። ካርድሽን ቲኤፍኤል (የሎንዶን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አስመዝግቢና የጉዞ ዝርዝሩን ፕሪንት አድርጊ። ከዚያ የቀጠሮ ደብዳቤውን፣ የዩኒቨርሳል ክሬዲት ስቴትመንቱን ከአካውንትሽ አውጥተሽ አንድ ላይ ያዢ።

ካሸሩ ተዘግቶ ቢጠብቅሽ ኤችሲ 5 የሚባል ፎርም አለ፣ ለጉዞ የሆነውን ማለትሽ አይቅር። ሞልተሽ በፖስታ ትልኪያለሽ። ከቀጠሮው ቀን ጀምሮ 3 ወር ጊዜ አለሽ። ስለዚህ ባለፈው የሄዳችሁበትም 3 ወር ካልሞላው አሁንም ይጠየቃል። ትኬቱን ጣልሽው እንዴ?

ቀድሞ የሚወጣውን በተመለከተ፣ አንዳንድ ጊዜ ከቀጠሮው በፊት የሚከፈልበት አሠራርም አለ። በቀላሉ አያደርጉትም። ሳምንት ቀደም ብለሽ ደውዪና "አድቫንስ ፔይመንት እፈልጋለሁ፣ ያለዚያ ልጁን ማምጣት አልችልም" በያቸው። ቃሉን እንዳለ ተናገሪ፣ አታለሳልሺው።

ሰናይት ያለችው መኪናም እውነት ነው፣ ግን እሱ የሚሰጠው በሕመም ምክንያት በሌላ መንገድ መጓዝ ለማይችል ነው። ገቢ አይጠይቁም፣ ጤናን ነው የሚያዩት።

ይሄ ሁሉ የእንግሊዝ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ያላችሁ የየራሳችሁ አለ።

የናቲ እናት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የባቡሩ ትኬት ስልኬ ላይ ነው፣ አልጠፋም። አንድ ነገር ግን ገባኝና ደነገጥኩ። ባለፈው ወር ሰው ታሞ ስለነበር ትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ። ከ935 ያልፋል። ተቃጠልኩ ማለት ነው?

ሾፌሩ

አልተቃጠልሽም። ወር በወር ነው የሚታየው። ከቀጠሮሽ በፊት መጨረሻ የተዘጋው ፔሬድ ትርፍ ሰዓት የሠራሽበት ካልሆነ ምንም አይነካሽም። እሱ ከሆነ ደግሞ እኛ የገባንበት መንገድ አለ፣ ኤችሲ 1 የሚባል ፎርም። እኛ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የለንም። ቁጠባችሁ ከ16,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ገቢውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ያሉትን ልጆች አይተው ይወስናሉ። ኤችሲ 2 የሚባለው የምስክር ወረቀት ከመጣ ሙሉውን ይከፍላሉ። ኤችሲ 3 ከመጣ "በሳምንት ይህን ያህሉን እናንተ ቻሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን እኛ" ማለት ነው። ለእኛ የመጣው 3 ነው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ግን ለጥርስና ለመነጽርም ያግዛል። ፎርሙ ረጅም ነው። ሻይ አፍልተሽ ልጁ ከተኛ በኋላ ተቀመጪበት።

አዲስ ገቢ (በርሚንግሃም)

ይቅርታ ልግባና፣ የእኔ ቪዛ ላይ "ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ" (የመንግሥት ድጎማ መጠየቅ አይቻልም) ይላል። ይህን ብጠይቅ ነገ ቪዛ ሳሳድስ አያመጣብኝም?

ትርሲት (አስተርጓሚ)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ሆስፒታል ውስጥ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀኝ። ኤንኤችኤስ (የመንግሥት ሕክምናው) በኢሚግሬሽን ሕጉ ፐብሊክ ፈንድ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ የለም። ኤችሲ 1 መሙላት ትችላለህ። የማትችለው ዩኒቨርሳል ክሬዲትና የመሳሰሉትን መጠየቅ ነው። ሆም ኦፊስ የጥገኝነት ድጋፍ የሚሰጣቸው ሰዎች ደግሞ ኤችሲ 2 ራሱ ይላክላቸዋል፣ ያቺ የቤተ ክርስቲያን እህት የሰማችው ይህን ይሆናል። የራስህ ጉዳይ የተወሳሰበ ከሆነ ግን ፎረም ላይ አትወስን፣ ጠበቃህን ጠይቅ።

ለናቲ እናት ደግሞ አንድ ነገር፦ ቋንቋው ከከበደሽ ቀጠሮው ሲያዝ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ነፃ ነው። ልጁን እንዳታስተረጉሚው። የገዛ ዓይኑን ጉዳይ ለእናቱ የሚተረጉም የ7 ዓመት ልጅ አይቻለሁ፣ ሐኪሙም እኔም መቆሚያ ነው ያጣነው።

የናቲ እናት

እሺ እህቴ። ዛሬ ማታ ስቴትመንቱን አወጣለሁ። ጋሼ፣ ካሸሩ ጋ ከሐኪሙ በፊት ልሂድ ወይስ በኋላ?

ሾፌሩ

በኋላ። ቀጠሮው ላይ መገኘታችሁን የሚያሳይ ነገር ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ከክሊኒኩ ሳትወጪ ደብዳቤሽ ላይ ማህተም ይምቱልሽ። የሚዘጋበት ሰዓት ግን ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፣ አንዳንዱ ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነገ ደውለሽ እሱን አጣሪ፣ ስለ አድቫንሱም በዚያው ጠይቂያቸው።