«ኦልዌይስ» የት ይግባ?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ላይ «አይ ኦልዌይስ አም ኦን ታይም» (ሁልጊዜ በሰዓቱ እገኛለሁ) ብዬ ጻፍኩ። እህቴ «ኦልዌይስ»ን ከ«አም» በኋላ አዞረችው። «አይ ኦልዌይስ ቼክ ማይ ወርክ» የሚለውን ግን አልነካችውም! ለምን?

መልስ፦ እህትሽ ልክ ናት። «አም፣ ኢዝ፣ አር» ካሉ ከኋላቸው ይገባል፤ ሌላ ግስ ከሆነ ይቀድመዋል።

ሌላ መልስ፦ እንደ «ሃቭ» ያለ ረዳት ግስ ካለ በእሱና በዋናው ግስ መሃል ይገባል፦ «አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ሌት»። እኔ ለዓመታት «አይ ዶንት ኔቨር ጎ» እያልኩ ስሳሳት ኖሬአለሁ። በአማርኛ «በጭራሽ አልሄድም» ስንል ግሱም አሉታ ነው፤ ከዚያ የመጣ ልማድ ነው። በመደበኛው እንግሊዝኛ አንድ አሉታ ይበቃል፦ «አይ ኔቨር ጎ»።

ጠያቂዋ፦ አቤት፣ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው! «ሰምታይምስ» (አንዳንዴ)ስ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። «ኦልዌይስ» ግን መጀመሪያ የሚመጣው በአብዛኛው በትእዛዝ ነው፦ «ኦልዌይስ ሎክ ዘ ዶር»።