የጃፓን የሳኬ መቅጃዬ ሥሩ ያረጥባል፤ እንደ ጀበና ላሟሸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለቤቴ ለሥራ ጃፓን ሄዶ፣ ኦካያማ ውስጥ ኢምቤ ከሚባል ሰፈር የሳኬ፣ ማለትም ከሩዝ የሚሠራው የአልኮል መጠጣቸው፣ መቅጃ አመጣልኝ። ቶኩሪ ይሉታል። ቢዜን የሚባለው ሸክላ ነው፣ በእጅ የተሠራ፣ ምንም ቅብ የሌለው። በጣም ወደድኩት። ግን ውሃ ሞልቼ ባሳድረው ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የሳንቲም ያህል እርጥበት ትቷል። ስንጥቅ የለውም፣ በስልክ መብራት ሁሉ አይቻለሁ። ትከሻው ላይ ደግሞ ቢጫ ፍንጥቅጣቂ አለ፣ በሽቦ ልፈትገው?

ሸክላ ሠሪዋ፦ ኧረ እህቴ፣ በሽቦ እንዳትነኪው! እሱ የጥድ አመድ ነው። እዚያ ምድጃው በቀይ ጥድ እንጨት ከሳምንት በላይ ይነዳል፣ ሙቀቱ 1200 ዲግሪ ይደርሳል፣ አመዱ እየበረረ ዕቃው ላይ ያርፍና ይቀልጣል። ጎማ ይሉታል፣ በእነሱ ቋንቋ ሰሊጥ ማለት ነው። ቀይ መስመር ካለበት ደግሞ የተጠቀለለበት የሩዝ ገለባ የተወው ነው። ቀለም የነካው ሰው የለም።

ጃፓን የኖርኩ፦ አዲስ ሲሆን ትንሽ ያልበዋል፣ አትደንግጪ። ዘይት ግን እንዳታስነኪው፣ ውስጡ ገብቶ ይሸታል። ሩዝ ያጠብሽበትን ነጭ ውሃ ድስት ውስጥ አድርጊ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፊ፣ መቅጃውን ከቀዝቃዛው ጀምሮ ክተቺውና በቀስታ ይንተክተክ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እዚያው ይቀዝቅዝ። ከሩዙ የወጣው ስታርች ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሳኬውን ለማሞቅስ እሳት ላይ ይጣዳል?

ጃፓን የኖርኩ፦ በፍጹም! ጀበና አይደለም፣ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ትንሽ ንከሪው፣ ከዚያ ሳኬውን ቀድተሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ አቁሚው። 40 ዲግሪ ገደማ ለስለስ ያለው ነው፣ 50 ሲደርስ ትኩስ ይባላል። እኔ 40ውን እመርጣለሁ፣ ሽታው ሳይጠፋ ይጠጣል።

ሌላ አባል፦ ዋናው ማድረቁ ነው። የኔን አጥቤ በማግስቱ ሳጥኑ ውስጥ ዘጋሁበት፣ ከውጭ ደረቅ ነበር እኮ! በወሩ ስከፍተው ሻጋታ ሸተተኝ። ደግሜ አፍልቼ ነው ያዳንኩት። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ነፋስ ያለበት ቦታ አቆዪው። ሳሙናም ይቅርበት፣ ሙቅ ውሃ ይበቃል።

ጠያቂ፦ የሩዙን ውሃ ሞከርኩ። ትናንት ማታ ሞልቼ ከሥሩ ሶፍት አነጠፍኩ፣ ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ነው! አሁን መስኮቱ ጋ ቆሟል።