29ኛ ሳምንቴ ነው፣ ወገቤና ዳሌዬ አላስተኛ አለኝ፤ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ይሻላል?

ጠያቂ፦ እህቶቼ እንዴት ናችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ማታ አልጋ ላይ ልገላበጥ ስል ከወገቤ ጀምሮ እስከ ብሽሽቴ ቀስፎ ይይዘኛል። ታክሲ ልገባ እግሬን ሳነሳማ እንባዬ ይመጣል። ክትትል ላይ ብናገር «የእርግዝና ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» ብለው ሸኙኝ። እስከዛስ? አማቴ ወጌሻ ይይሽ እያሉኝ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ አይዞሽ፣ እኔም በሁለተኛዋ እንደዛው ነበርኩ። ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበትሽ ሁኚ፣ ወለል እንደሚወለውል ሰው። ትንፋሽሽን እያወጣሽ ጀርባሽን እንደተቆጣች ድመት ወደ ላይ ታጎብጪና ቀስ ብለሽ ቀጥ ታደርጊዋለሽ፤ ወደ ታች ግን እንዳይሰረጉድ። 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። እኔ ስሠራ ትልቁ ልጄ ጀርባሽ ላይ ካልወጣሁ እያለ ያስለቅሰኝ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። ብሽሽትሽን የሚይዝሽ ግን የዳሌ መጋጠሚያ ይመስላል፤ በእርግዝና ሆርሞን ይላላል፣ ክብደቱም አለ። ስለዚህ አንድ እግር ላይ መቆም ቀንሺ። ሱሪና ጫማ ተቀምጠሽ ልበሺ፣ ደረጃ አንድ በአንድ ውጪ። ታክሲ ከተቻለ ጋቢና ያዢ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይና ሁለቱን እግርሽን ገጥመሽ አስገቢ። አልጋ ላይም ስትዞሪ ጉልበቶችሽ ተጋጥመው አብረው ይዙሩ። በጎንሽ ተኚ፣ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ አድርጊ። ክፍል ውስጥ ደግሞ እረፍት ሲደወል ግድግዳ ተደገፊ፣ ጉልበትሽን ትንሽ አላልተሽ ወገብሽን ወደ ግድግዳው ጫን አድርጊ፣ እስከ 5 ቁጠሪ፣ ልቀቂ፣ 10 ጊዜ። የሚያምሽን እንቅስቃሴ ተዪው፣ በተለይ እግር በጣም መክፈትን። ወጌሻው ሆድሽን እንዳይነካ! አማትሽን በዘዴ።

ጎረቤት፦ ዱካ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገሩን ለጊዜው ተዪው፣ እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ነጠላ አጥፌ ከሆዴ ሥር ዳሌዬ ላይ ሳስር ቀለል ይለኝ ነበር። ሆድ ላይ አይታሰርም።

አዋላጅ ነርስ፦ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራስሽ እንዳትገዢ። ሕመሙ እየመጣ እየሄደ እንደ ምጥ ከሆነ፣ ደም ወይም ውሃ ካየሽ፣ ትኩሳት ወይም ሽንት ላይ ማቃጠል ካለ፣ እግርሽ ከደነዘዘ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ እንቅስቃሴ መሥራቱን ትተሽ ወዲያው ጤና ተቋም ሂጂ። በሚቀጥለው ክትትልሽም ፊዚዮቴራፒ ጻፉልኝ በያቸው፣ ዝም አትበይ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ከጻፍኩ ሳምንት ሆነኝ። ታክሲው አሁንም ያመኛል፣ መገላበጡ ግን በጣም ተሻለኝ። ችግሩ ትራሱን ሌሊት ባሌ እየወሰደብኝ ነው።