ዋናው አስፋልት ላይ ብሬከርና የእግረኛ መንገድ ለማሰራት ብሩ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? እኛ ብናዋጣስ?

የጮቄ_ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የመንገድ ስራ ወይ የማዘጋጃ ቤት ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ እስኪ አስረዱኝ። ከተማችንን በስም አልጠራትም፣ ከደጀን ወደ ባህር ዳር ያለፈ ሰው የትኛዋንም ቢገምት ብዙ አይስትም፣ አስፋልቱ መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ነው የሚያልፈው፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ከሱቁ ፊት ክዳን የሌለው ዲች (የጎርፍ ቦይ)፣ ከዲቹ ቀጥሎ ወዲያው አስፋልት፣ እግረኛ መሄጃ ብሎ ነገር የለም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በሩ አስፋልቱ ላይ ነው የሚከፈተው። ዲቹ ላይ ሁለት የባህር ዛፍ አጣና ተጋድሞበታል፣ ልጆቹ ሲለቀቁ እሱ ላይ ተንደርድረው ይዘላሉ፣ የሚያርፉት ደግሞ አስፋልቱ ላይ ነው፣ ቁልቁለት ስለሆነ ሲኖትራኩም አይሱዙውም ክላክሱን እየነፋ ይወርዳል እንጂ ፍሬን አይነካም። ባለፈው አንድ የሶስተኛ ክፍል ልጅ ተገጭቶ እግሩ ተሰብሮ እግዜር ነው ያተረፈው።

እና ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረቱ) ከሰፈሩ እድሮች ጋር ተሰብስበን በየቤቱ አዋጥተን ብሬከርና ዜብራ እናሰራ ተባለ፣ ሰዉም ፈቃደኛ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ ግን አስፋልቱ የኛ አይደለም የፌደራል ነው አሉን። ፌደራልን የት ሄደን ነው የምናገኘው? ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ተብሎ የሚቆረጥ ብር አለ ሲባልም እሰማለሁ፣ እሱስ የት ነው የሚገባው? ወይስ አፈር ከምረን የራሳችንን ብሬከር እንስራ? (ወጣቶቹ ዛሬ ማታ ካልሰራን እያሉ ነው)

አሮጌው_መሀንዲስ፦
እህቴ አፈሩን በሞቴ ተዉት። ቀለምና ምልክት የሌለው ጉብታ ማታ ባጃጅ ይገለብጣል ሞተረኛ ይገድላል፣ ያኔ የሚጠየቀው የከመረው ሰው ነው። ደንበኛው ብሬከር በመኪናው አካሄድ ስትለኪው 3.7 ሜትር አካባቢ ይረዝማል፣ ከፍታው ግን ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ ለዛ ነው መኪናው ተንከባሎ ወጥቶ ተንከባሎ የሚወርድበት። በአካፋ የሚሰራው አጭርና ሹል ነው የሚሆነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ያላችሁ ደግሞ ሰበብ ብቻ አይምሰልሽ። ከአዲስ አበባ በደጀን፣ በማርቆስ፣ በቡሬ አድርጎ ባህር ዳር የሚገባው መንገድ እውነትም የፌደራል ነው፣ የሚጠግነው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዲስትሪክት (ቅርንጫፍ ጽህፈት ቤት) አለው፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለባችሁም። ለጥገናው ብር የሚሰጠው መንገድ ፈንድ ነው፣ በ1989 በአዋጅ 66 የተቋቋመው፣ ዋና ገቢው ያልሽው የነዳጅ ቁራጭ ነው፣ ባጃጅ በተሳፈርሽ ቁጥር እየከፈልሽ ነው ማለት ነው። ሲከፋፈል የኖረው ከመቶ 70 ለፌደራል መንገድ፣ 20 ለክልል፣ 10 ለከተሞች ነው። እንግዲህ አስቢው፣ እናንተ ልታዋጡለት ያሰባችሁት አስፋልት 70 እጁ የሚሄድለት ነው፣ ከተማችሁ ግን ለራሷ የውስጥ መንገድ የምትጠብቀው ከ10ሯ ተካፍሎ የሚደርሳትን ነው።

ስለዚህ ለብሬከሩ፣ ለዜብራውና ለምልክቱ ብር ሳይሆን ወረቀት ነው የምታዋጡት። በከንቲባ ጽህፈት ቤት በኩል ለዲስትሪክቱ ደብዳቤ ይጻፍ፣ የትምህርት ቤቱ ማህተም ይኑርበት፣ ከሁሉ በላይ ትራፊክ ፖሊስ እዛ ቦታ ላይ የመዘገበው የአደጋ ዝርዝር በቀን በቀኑ ይያያዝ። ስሞታ ብቻ ይዞ የመጣ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ሲተኛ ብዙ አይቻለሁ።

ባለ_ሶስት_ጎማ፦
እኔ ሾፌር ነኝ፣ ቲቸር ብሬከሩን ደግፌሻለሁ ግን ፌርማታውንም አብራችሁ ጠይቁ። ተሳፋሪ እዚህ ጋ ወራጅ ሲል የት ልቁም? ዳር ልያዝ ብል ዲች ነው፣ ስለዚህ አስፋልቱ ላይ ቆሜ አወርዳለሁ፣ ከኋላዬ ያለው መኪና ይደርበኛል፣ የወረደው ሰው ደግሞ በኔ ፊት ዞሮ ሊሻገር ሲል ከሚደርበው መኪና ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ሾፌሩ ጥፋተኛ ነው ይባላል፣ እሺ ነኝ፣ ግን የት ልቁም። ሁለት ባጃጅ የሚያስቆም ገባ ያለ ቦታ ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ ብሎ ቢሰራ ግማሹ ነገር ይቃለል ነበር።

ዜብራውን ደግሞ በራሳችን እንቀባለን ካላችሁ በቤት ቀለም እንዳታደርጉት። እኛ ማህበሩ አዋጥቶ ቀብተን የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ጠርጎት ሄደ። የአስፋልት ቀለም ራሱን የቻለ ነው፣ ማታ በመብራት እንዲያበራ ደቃቅ የመስታወት ፍሬ የሚነሰነስበት፣ ውድ ነው።

ጋሽ_ወንፈል፦
ልጆቼ እኔ መዋጮ ሲባል ነው የምደነግጠው። ለኮብልስቶን በሰፈራችን አዋጡ ተብለን አዋጣን፣ ደረሰኝም ተቀበልን፣ ድንጋዩ መጥቶ ተከመረ፣ ከዛ በጀት አለቀ ተብሎ ክምሩ ላይ ሳር በቀለበት። የቱ ከተማ እንደሆነ አልናገርም። አሁንም ብር ከማውጣታችሁ በፊት አካውንቱ በማን ስም ነው የሚከፈተው፣ ማን ማን ይፈርማል የሚለውን ጨርሱ። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ድርሻ አካውንት ውስጥ ሳያስገባ የናንተ ብር አንድ ሳንቲም አይንቀሳቀስ።

ሲያትል_ያለ_ጎጃሜ፦
ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ፣ እዚህ ያለሁበትም ፍርሃቱ ያው ነው። ሲያትል ውስጥ የመንገድ ብር በህዝብ ድምፅ ነው የሚወሰነው፣ በ2024 ኖቬምበር (በኛ 2017 መጀመሪያ) ለ8 አመት 1.55 ቢሊዮን ዶላር ከቤት ባለቤቶች በንብረት ታክስ ይሰብሰብ ወይስ አይሰብሰብ ተብሎ ቀረበ፣ አለፈም፣ ከሱ በፊት የነበረው የ2015ቱ 930 ሚሊዮን ነበር ለ9 አመት። እግረኛ መንገዱ፣ ማቋረጫው፣ አውቶብሱ፣ ድልድዩ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው። እኔ ዜጋ ስላልሆንኩ ድምፅ አልሰጠሁም፣ የቤት ኪራዬ ላይ ግን ዞሮ መምጣቱ አይቀርም። ይሄን ሁሉ ብር እያወጡ እንኳን ከከተማዋ መንገድ ሩብ የሚሆነው እግረኛ መሄጃ የለውም፣ ስመጣ ማመን አቅቶኝ ነበር። የወደድኩላቸው ነገር ቢኖር ብሩ ለታለመለት ስራ መዋሉን የሚከታተል ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ መኖሩ ነው። የኛ እድር ይሄን ስራ ከማንም በላይ ያውቅበታል እኮ፣ ለቀብር ብር በሳንቲም የሚቆጣጠር ሰብሳቢ ለዲች ክዳን ያንሳል?

የጮቄ_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መሀንዲስ፣ ገባኝ፣ አስፋልቱን ለባለቤቱ እንተወውና የእግረኛ መሄጃውና ዲቹስ? እሱም የነሱ ነው ሊሉን ነው? ደግሞ ብር የለንም ነው የሚሉት ሁሌ።

አሮጌው_መሀንዲስ፦
ከዲቹ ወዲህ ያለውን ከተማው ሊያመልጣችሁ አይችልም፣ መዋጮውም ትርጉም የሚኖረው እሱ ላይ ነው።

ብር የለንም የሚሉትን በሁለት ክፈይው። አንዱ እውነት ነው። የአለም ባንክ ብር የነበረ ጊዜ፣ በ2000 ባህር ዳርን ጨምሮ በ19 ከተማ ተጀምሮ ኋላ 44፣ ከዛ ዩአይአይዲፒ (የከተሞች ተቋማዊና መሰረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም) ሲባል 117 ከተማ የደረሰው፣ የብዙ ከተማ ኮብልስቶንና ድሬኔጅ በሱ ነው የተሰራው፣ ከተማው በየአመቱ ተመዝኖ ባመጣው ውጤት ልክ ነበር የሚለቀቅለት። የእርዳታና የብድር ብር ይመጣል ይሄዳል፣ ከተማው ሁሌ በእጁ ያለው የጣሪያና ግድግዳው፣ የቦታ ኪራዩና ሊዙ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደግሞ መሰረቱ ከ1968ቱ አዋጅ 80 ነው፣ ያሮጌ ዘመን ተመን ስለሆነ እዚህ ግባ የሚባል ገቢ የለውም፣ ለዛ ነው በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ የወጣው። ሰዉ ታክሱን ሲሰማ ይቆጣል፣ እኔም ባለቤት ነኝና ደስ አይለኝም፣ ግን የሰፈር ዲች ከዚህ ሌላ ከየት ይከደናል?

ሁለተኛው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። የበጀት አመቱ ሀምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ እቅዱ ግን ከዛ ብዙ ቀድሞ ነው የሚያልቀው፣ በግንቦት የሄደ ሰው ብር የለም ቢባል አይፍረድ። በጥር በየካቲት ሂዱና የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላኑ (የከተማው የግንባታ እቅድ) ውስጥ መስመር አስይዙ፣ ነዋሪ የሚወያይበት መድረክ ይጠራል፣ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሰላሳ ወላጅ ይዛችሁ ግቡበት። "ሰፈሩ ይሄን ያህል ያዋጣል፣ ቀሪውን ከተማው" ተብሎ የቀረበ ነገር ከባዶ ጥያቄ በላይ ይሰማል። ሁሉንም ባንዴ አትጠይቁ፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መስቀለኛው ያለችውን ብቻ፣ መሄጃው ቢያንስ 2 ሜትር ንፁህ ስፋት ይኑረው፣ ሱቆቹ እቃ እንዳይደረድሩበት ከወዲሁ አስፈርሟቸው።

ባለ_ሶስት_ጎማ፦
ሱቆቹን ማስፈረም ቀላል አርገህ ነው የምታወራው ሃሃሃ። ቢራ ሳጥን፣ ጀሪካን፣ ያረጀ ፍራሽ ሁሉ እዛ ነው።

አሮጌው_መሀንዲስ፦
ሃሃ እሱስ ልክ ነህ፣ ግን የሱቁ ባለቤት ልጅም እዛው ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ ከሱ ጀምሩ።

የክዳኑን ነገር ልጨምር፣ ሰው ሲያዋጣ ዲቹን አንዴ በኮንክሪት ድፍን እናድርገውና እንገላገል ይላል፣ እንዳትሞክሩት። ደለልና ፕላስቲክ ይሞላዋል፣ ማንሻ ከሌለው ማን ያጸዳዋል፣ በሀምሌ ውሃው መሄጃ አጥቶ ቀጥ ብሎ ግቢያችሁ ይገባል። ሁለት ሰው የሚያነሳው ቁራጭ ቁራጭ ክዳን ይሁን፣ ብረቱም ከውጭ እንዳይታይ ኮንክሪቱ ውስጥ ይቀበር፣ የሚታይ ብረት ያለው ክዳን አንድ ሳምንት አያድርም። ዲቹን ከዳር እስከ ዳር በሜትር ለክታችሁ ስፋቱንና ጥልቀቱን እዚሁ ላኩልኝ፣ ግምቱን ሰርቼ እሰጣችኋለሁ፣ ለውይይቱ ይዛችሁት ትገባላችሁ።

የጮቄ_ልጅ፦
ቅዳሜ ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ጋር እንለካዋለን፣ ለሂሳብ ትምህርቱም ይሆነናል። ጋሼ ወንፈል፣ የአካውንቱን ነገር ለእድሩ ሰብሳቢ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ፣ ሶስት ፈራሚ ይበቃል ወይስ ከወላጅም አንድ ሴት እንጨምር?

ጋሽ_ወንፈል፦
ሁለት ሴት ጨምሪ።