«ለአገር የዋሉትን ብቻ» ተብሎ ስለተለጠፈው የ2009 ሟቾች ዝርዝር

ጨንቻ፦ ይቺን «በ2009 ያጣናቸው ታላላቆች» የምትል ጽሑፍ ማን ነው የለጠፋት? ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር አለ፣ ፕሮፌሰር ፓንክረስት አለ፣ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል አለ። ፖለቲከኛውና ጸሐፊው አሰፋ ጫቦስ? ሚያዝያ ላይ ዳላስ ያረፈው ሰው የት ገባ? መጨረሻዋ ላይ ደግሞ «ለአገር የዋሉትን ብቻ አካትተናል» ትላለች። እሺ፣ አሰፋ በደርግ ጊዜ እስር ቤት የማቀቀው ለግል ጉዳዩ ነበር ማለት ነው።

መዝገቡ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ምን ይጠበስ? ከሁሉም ዘርፍ አንድ አንድ ሰው ነው ያነሳሁት። ከስፖርት፣ ከታሪክ፣ ከፖለቲካ። ሁሉንም ልጻፍ ብል መጽሐፍ ይወጣዋል።

ጨንቻ፦ ከፖለቲካ አንድ ሰው ስትመርጥ ጥቅምት 2002 ከመለስ ጋር የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ የፈረመውን ኃይሉ ሻውልን መረጥክ። ጎሽ።

የቅንጅት ሰው፦ ኧረ በእግዚአብሔር! ሰውየው የ97ቱን ቅንጅት መርቶ፣ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ ቃሊቲ ከርሞ የወጣ ነው። መስከረም 26 ቀን ታይላንድ ሞተ፣ አሁንም አንዲት ፊርማ ይዛችሁ አለቅ አላችሁት።

አየር ጤና፦ እኔ ፊርማውንም ታይላንድንም አላውቅም። «ለአገር የዋሉ» የምትለዋ ናት ያናደደችኝ። በዚያው ዓመት መጋቢት 2 ማታ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሚከመርበት ቆሼ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ አልቋል። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ኤክስካቫተሩ ለቀናት ሲቆፍር እናቶች ከኋላው ቆመው የወጣውን ሁሉ የእኔ ነው የእኔ አይደለም እያሉ ሲያዩ ነበር። ፓርላማው ሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። ያንተ ዝርዝር ላይ ግን አንዲት መስመር የለችም።

መዝገቡ፦ አያ አየር ጤና፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የጻፍኩት ስለ ታዋቂ ሰዎች ነው። አደጋ ለብቻው ይዘከራል።

አየር ጤና፦ «ታዋቂ» ብትል ዝም እል ነበር። አንተ ያልከው «ለአገር የዋሉ» ነው። የአዲስ አበባን ፌስታልና ጠርሙስ ከቆሻሻ ለይታ ስትሸጥ የኖረች ሴት ለአገር አልዋለችም? ያንተን ቤት ቆሻሻ ማን ሲለቅመው የኖረ መሰለህ?

መዝገቡ፦ ስሜታዊ አትሁን።

አየር ጤና፦ ተው እንጂ! «ስሜታዊ» የምትባለው ሁልጊዜ የእኛ ሰፈር ነው።

ሰንዳፋ መንገድ፦ ይሄ ነገር ሲነሳ የምትዘነጋ አንዲት ነገር አለች። በ2008 የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከከተማው ውጭ፣ ሰንዳፋ ሄዶ ነበር። ገበሬው «ውኃችንን በከለው፣ ከብቶቻችንን ጨረሰ» ብሎ ተቃወመ፣ ተዘጋ። ከዚያ ተመልሶ እዚያው ቆሼ ላይ ተከመረ። ከ50 ዓመት በላይ የተቆለለው ላይ ሌላ ተጨመረበት ማለት ነው። የፈረደበት ሁሉ ከሥሩ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር።

የቅንጅት ሰው፦ ስለዚህ ገበሬው ነው ጥፋተኛ?

ሰንዳፋ መንገድ፦ እንዲያ አልኩ? አንብብ እንጂ። ያስቀመጠው ማዘጋጃ ቤት ነው።

ቶሮንቶ፦ ቆይ፣ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ምሩጽ እዚህ ቶሮንቶ ነው ያረፈው፣ ዲሴምበር 2016። ፓንክረስት ፌብሩዋሪ 2017። እንዴት ነው የአንድ ዓመት ሟቾች የሆኑት?

ጨንቻ፦ ታኅሣሥም የካቲትም 2009 ናቸዋ! የእኛን ካሌንደር ጥለህ ሄድክ እንዴ?

ቶሮንቶ፦ ማን ጣለው። ዝርዝሩ ፈረንጅ ጓደኞቻችንም እንዲያነቡት ታስቦ እንደሆነ ብዬ ነው።

አየር ጤና፦ ለፈረንጅ ደግሞ የእኛን ሙታን እንቀይር!

የአዲግራት ልጅ፦ ስለ ምሩጽ ሁለት ቃል ልበል፣ ማንም ስላላነሳው። በ1964 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ነሐስ አመጣ፣ ለ5 ሺው ማጣሪያ ዘግይቶ ሳይሮጥ ቀረ። የሞንትሪያሉ ኦሎምፒክ በአፍሪካ አገሮች ተቃውሞ አመለጠው። 1972 ሞስኮ ላይ ግን ራሰ በራውን ሰውዬ የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ማየት ነው። ማርሹን ሲቀይር ሌሎቹ የቆሙ ነበር የሚመስሉት። ሁለት ወርቅ! የሞተው ግን በስደት ነው። «ለአገር የዋሉ» ያላችሁት ሲታመም የት ነበራችሁ?

መዝገቡ፦ አሁን እኔን ልትከሱኝ ነው?

የአዲግራት ልጅ፦ «አካትተናል» ብለህ በብዙ ቁጥር የጻፍክ አንተ ነህ።

ጨንቻ፦ ፓንክረስትስ? እንግሊዛዊ «ለአገር የዋለ» ሲሆን ጨንቻ የተወለደው አሰፋ አልሆነም።

ፒያሳ፦ እዚህ ጋ ተው! ፓንክረስት በ1948 ከእናቱ ከሲልቪያ ጋር መጥቶ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን በ1955 ከመሠረቱት ነው፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሱ ነበር። የአክሱም ሐውልት በ97 ከሮም እስኪመለስ የጮኸ ሰው ነው። የተቀበረውም እናቱ ካረፈችበት ከሥላሴ ነው። አሰፋን ጨምሩ፣ ፓንክረስትን ግን አትንኩብኝ።

ጨንቻ፦ ማን ነካው? «ለምን እሱ ገብቶ ያኛው ቀረ» ነው ያልኩት።

የቅንጅት ሰው፦ መጀመሪያ የነካኸው ኃይሉ ሻውልን ነው።

ጨንቻ፦ ፊርማው ፊርማ ነዋ! በራሱ እጅ ነው የፈረመው።

ሰንዳፋ መንገድ፦ እንግዲህ ይሄ ግሩፕ በፊርማ ሊያልቅ ነው። የቆሼው ጥያቄ መልስ አላገኘም።

መዝገቡ፦ እሺ፣ «ለአገር የዋሉትን ብቻ» የምትለዋን አነሳታለሁ። ዝርዝሩ ግን ይቆያል።

አየር ጤና፦ ቃሏን አንስተህ ሐሳቡን ልታስቀምጠው ነው!

መዝገቡ፦ ምን ላድርግ ታዲያ፣ 110 ሰው በስም ልጻፍ? ስማቸውን አምጣልኝና እጽፋለሁ።

አየር ጤና፦ እኔ ነኝ እንዴ መዝገብ የምይዝልህ? ስምህን «መዝገቡ» ያልክ አንተ!

ጨንቻ፦ አሰፋን ጨመርከው ወይስ አልጨመርከውም? ዝም አትበል።